ቴሌግራም፦ ሳይቸኩሉ ለመጻፍ ምን ያህል ያግዛል?

ብዙ ሰው ያላስተዋለው የቴሌግራም ጥሩ ነገር የመላኪያው ቁልፍ ነው። ተጭነው ሲይዙት ያለ ድምፅ መላክ ወይም ቀንና ሰዓት ወስኖ መላክ የሚሉ ምርጫዎች ይወጣሉ። ማታ 5 ሰዓት ትዝ ያለዎትን የሥራ ጉዳይ ለጠዋት 3 ሰዓት ቀጥረው ይተኛሉ፤ ስልክዎ ቢጠፋም በሰዓቱ ይሄዳል። በንዴት የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ጠዋት ከመጻፊያው ጎን ያለውን ምልክት ነክተው ያለሰልሱታል (አብዛኛውን ጊዜ መሰረዙ ይሻላል)።

የተላከ መልዕክት ማረሚያው ላይ ግን ብዙ አይተማመኑ። እስከ 48 ሰዓት ይሠራል፣ መታረሙ ግን ይታያል። ለፊደል ስህተት ግሩም ነው። ለትዳር ጓደኛዎ ረጅም መልዕክት «እሺ» ብቻ ብለው ከመለሱ ግን አያድንዎትም፤ ማሳወቂያው ላይ ቀድሞ ተነቧል። መሰረዝም ያው ነው፤ ከሁለቱም ስልክ ይጠፋል፣ ያየውን ሰው ግን ይበልጥ ያስጠረጥራል። «ቅድም ያሳጠርኩት ስብሰባ ላይ ስለነበርኩ ነው» ብሎ መጨመር ይበልጣል።

ዋናው ጉድለቱ ማንበብዎን የሚያሳዩትን ሁለት ምልክቶች ማጥፋት አለመቻሉ ነው። አንብበው ዝም ካሉ እንደ ንቀት ይቆጠራል፤ ስለዚህ «አይቼዋለሁ፣ ከሰዓት እመልሳለሁ» ይበሉ።