ለመኪና መስታወት ጥቁር ፊልም ወይስ ተነቃይ መጋረጃ?

የጎንደር አየር ቀዝቀዝ ቢልም ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ወደ መተማ የሚወርድ ሹፌርማ ያውቀዋል።

ዋጋ፦ ፊልሙ ውድ ነው፣ ባለሙያም ይፈልጋል። በደንብ ካልተለጠፈ አየር ይይዝና ያባብጣል። መጋረጃው ርካሽ ነው፤ ራስህ ትለጥፈዋለህ፣ ሲሞቅ ግን ተላቆ ጭንህ ላይ ዱብ ይላል።

ሕግ፦ ዋናው ጣጣ እዚህ ጋ ነው። ኬላ ላይ ፖሊሱ ውስጥ ማን እንዳለ ማየት ይፈልጋል። መጋረጃውን በአንድ እጅ ታወርደዋለህ። ፊልሙን «አንሳ» ከተባልክ ግን በምላጭና በሳሙና ውሃ ስትፍቅ ትውላለህ፣ ሙጫው ደግሞ ችኮ ነው። የውጭ አገር ቪዲዮ አይተህ አትለጥፍ። እንግሊዝ አገር እንኳ የፊት ጎን መስታወት ቢያንስ 70 በመቶ ብርሃን ማሳለፍ አለበት፤ ከኋላ ያለው ነው ገደብ የሌለው። ስለዚህ መጀመሪያ መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ጠይቅ።

አደጋ፦ ማታ አዘዞ መንገድ ላይ መብራት የሌለው ባጃጅ ብቅ ሲል በጥቁር መስታወት አይታይህም።

በነገራችን ላይ፣ ጥቁረት ብቻውን ከጨረር አያድንም፤ ጥሩ ጥርት ያለ ፊልም አልትራቫዮሌትን 99 በመቶ ያህል ያስቀራል።

ከኋላ ሕፃን የምትይዝ ከሆነ መጋረጃው ይበቃሃል። መኪናህ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የምትቆም ከሆነ፣ ከተፈቀደልህ ጥርት ያለውን ፊልም አስለጥፍ።