6 ሳምንት ከሕይወት አማካሪ ጋር

መንገዴን ራሴ ልምረጥ ብዬ ነው በኢንተርኔት የሚሰጥ የ6 ሳምንት የሕይወት ምክር አገልግሎት የተመዘገብኩት። አካውንታንት የሆንኩት አባቴ ስለፈለገ ነው። 10 ዓመት ሠራሁበት፣ አልጠላሁትም፣ ግን የኔ ሆኖ አያውቅም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ባዶ ናቸው፤ መጠይቅ መሙላት ብቻ። በሦስተኛው ግን አማካሪዋ ወረቀት መሀል ላይ መስመር አሰመረችኝ። በግራ "ሰው ምን ይለኛል ብዬ የማደርገው"፣ በቀኝ "ማንም ባያየኝም የማደርገው"። ግራው ቶሎ ሞላ። ቀኙ ላይ እስክሪብቶ ይዤ 20 ደቂቃ ቁጭ አልኩና አንድ ነገር ብቻ ጻፍኩ፦ ልጆች ማስተማር። እንባዬ መጣ።

አሠራራቸው ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን ባዳበሩት ንድፈ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ሰው በራሱ መወሰን፣ መቻልና ከሰው ጋር መተሳሰር ያስፈልገዋል ይላል። ሦስተኛው አለመረሳቱ ደስ አለኝ፤ የራስን መንገድ መምረጥ ቤተሰብን መካድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፣ እኔም ይመስለኝ ነበር።

ቅሬታዬ? የመጨረሻው ሳምንት ጥድፊያ ነበር። ስለ ገንዘብም ማንም አላነሳም፣ ሥራ ልቀይር ለሚል ሰው ደግሞ ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው። ቢሆንም ከልቤ እመክራለሁ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች ሒሳብ አስተምራለሁ።