አሮጌ ስልኬን ከመጣል ያዳነልኝን ልጅ አመስግኑልኝ

ሰላም ናችሁ? ይህን የምጽፈው ለምስጋናም ለጥቆማም ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ስልክ የሚጠግን አንድ ልጅ አለ። ስሙንም ቁጥሩንም በአደባባይ አልጽፍም፣ ሳያስፈቅዱ የሰው ስልክ መበተን ደስ አይልም። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። ሥራውን ግን በይፋ መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም "አዲስ ግዛ" ከሚለኝ ሰው ሁሉ መሃል "ይሄ ገና ያገለግላል" ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

ስልኬ አርጅቷል፣ አልክድም። መልእክት ስጽፍ ፊደሉ ከጣቴ ኋላ ኋላ ይመጣል። ካሜራ ስከፍት ፎቶ የሚነሳው ሰው ፈገግታው እስኪደርቅ ይጠብቃል። ይባስ ብሎ ሠላሳ ምናምን ፐርሰንት እያለው ድንገት ድርግም ይላል። ሌላ ቦታ ወስጄው "ቦርዱ ነው፣ አትልፋ" ተብያለሁ።

ይሄኛው ልጅ ስልኩን ሳይፈታው በፊት ጥያቄ ጀመረ። መቼ ነው የሚጠፋው? ካሜራ ሲከፈት ነው ወይስ ዝም ብሎ እንደተቀመጠ? ቻርጅ ላይ ሲሰካ ፍጥነቱ ይመለሳል? መልሴን ሰምቶ "ጋሼ፣ ስልኩ ምንም አልሆነም፣ የደከመው ባትሪው ነው" አለኝ። (ጋሼ መባሉን ገና አልለመድኩትም፣ ስለ ሥራው ብዬ ይቅር ብዬዋለሁ።)

ያረጀ ባትሪ ቶሎ እንደሚያልቅ ሁሉም ያውቃል። ስልኩን እንደሚያንቀራፍፈው ግን ብዙ ሰው አይጠረጥርም። ልጁ ያስረዳኝ እንዲህ ነው፦ የሊትየም ባትሪ ሲያረጅ የሚይዘው መጠን ብቻ አይደለም የሚቀንሰው፣ በአንዴ ብዙ ኃይል የማውጣት አቅሙም ይደክማል። ካሜራ ወይም ጌም ሲከፈት ፕሮሰሰሩ ድንገት ብዙ ይጠይቃል፣ ባትሪው አልደርስ ሲል ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ስልኩም ይጠፋል። አንዳንዱ ስልክ ደግሞ እንዳይጠፋ ሲል የራሱን ፍጥነት ይቀንሳል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ላይ ባትሪያቸው የደከመ አንዳንድ አይፎኖችን ፍጥነት በሶፍትዌር እንደሚቀንስ አምኖ ይቅርታ የጠየቀው በዚሁ ጉዳይ ነበር፤ የባትሪ ጤና የሚታይበት ገጽ ሴቲንግ ውስጥ የገባውም ከዚያ በኋላ በ2018 ነው። አፕል ራሱ እስከ አይፎን 14 ድረስ ያሉት ባትሪዎች ከ500 ሙሉ የቻርጅ ዙር በኋላ 80 ፐርሰንት አቅማቸውን እንዲይዙ ተደርገው እንደተሠሩ ይናገራል። ከአይፎን 15 ጀምሮ ወደ 1000 ዙር ከፍ ብሏል። አንድ ዙር ማለት ደግሞ አንዴ መሰካት አይደለም። ዛሬ ግማሹን ነገ ግማሹን ብትጠቀሙ ሁለቱ ቀን ተደምሮ አንድ ዙር ነው።

እና ባትሪው ተቀየረ። አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። የጀርባውን መስታወት ማጣበቂያው እስኪለሰልስ በሙቀት ካላላ በኋላ በቀጭን ፕላስቲክ ዳር ዳሩን ቀስ እያለ ከፈተው። ባትሪው ሥር አልኮል ጠብ ጠብ አድርጎ ማጣበቂያው እስኪለቅ ጠበቀ፣ በጉልበት አልነቀለም። በብረት የሚጎረጉሩትን አይቻለሁ፣ የተበሳ ሊትየም ባትሪ እሳት ያነሳል። የወጣውን ሲያሳየኝ መሃሉ ትንሽ አብጧል። ያበጠ ባትሪ ስክሪኑን ከውስጥ ገፍቶ ያስነሳል፣ እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ቻርጅ ማድረጉን አቁሙና በቶሎ ለባለሙያ አሳዩ። አሮጌውን ከቆሻሻ ጋር አልጣለም፣ ለብቻው አስቀመጠው።

ሳልጠይቀው አንድ ነገር ነገረኝ፣ የወደድኩለትም በዚህ ነው። "አዲስ ማሸጊያ ለጥፌበታለሁ፣ ግን አንዴ የተከፈተ ስልክ ውሃ እንደ ድሮው ይቋቋማል ብዬ አልዋሽዎትም።" ይሄን ስንቱ ነው የሚናገረው?

ቀጥሎ የቻርጅ ቀዳዳውን አየ። ኬብሉ እየተንሸራተተ ሲያስቸግረኝ ከርሟል፣ እኔ ቀዳዳው ይቀየርልኝ ልል ነበር የመጣሁት። ስልኩን አጠፋው፣ መብራቱን አቀረበና በእንጨት ስቴኪኒ ከጥግ በኩል በስሱ ፋቅ ፋቅ አደረገ። የወጣውን ብታዩት! ከኪስ የገባ ክርና አቧራ ተጠቅጥቆ ተጠቅጥቆ ግራጫ ጓል ሆኗል። ኬብሉን ሲሰካው ቀጭ ብሎ ገባ። የሚቀየር ነገር የለም፣ በቃ። እቤት የምትሞክሩት ካላችሁ መርፌ አትጠቀሙ፣ ውስጥ ያሉትን ፒኖች ያበላሻል።

ስክሪኑም እንዲሁ ነው። ጭረት በጭረት ስለሆነ ልቀይረው ብዬ ነበር። ጥፍሩን ከዳር አስገብቶ የመከላከያውን መስታወት ላጠው፣ ከሥሩ ያለው ስክሪን እንዳለ ነው። ዝም ብሎ ቀይሮ ቢያስከፍለኝ ማን ያውቅበታል?

ከዚያ ወደ ውስጡ ገባን። ስቶሬጁ ጢም ብሎ ሞልቷል። የስልክ ሜሞሪ በአሮጌው ላይ ደርቦ አይጽፍም፣ መጀመሪያ ሰፋ ያለ ቦታ አጥፍቶ ነው አዲስ የሚያስገባው፣ ስለዚህ ለማገላበጥ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ሲያጣ ሁሉም ነገር ይጎተታል። ትልቁን ቦታ የያዘው ቴሌግራም ነበር። ሴቲንግ ውስጥ የስቶሬጅ አጠቃቀም የሚለውን ከፍቶ ካሹን (አንዴ ወርደው ስልኩ ላይ የተከማቹትን ፋይሎች) አጸዳው፣ ወደፊትም የቆየው በራሱ እንዲጠፋ አደረገው። የቴሌግራም ፋይል ሰርቨር ላይ ስላለ ስትፈልጉት እንደገና ይወርዳል። ዋትሳፕ ግን እንደዚያ አይደለም! ከስልኩ ያጠፋችሁት ፎቶ ባክአፕ ከሌለው ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ እጁን ሰብስቦ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። ዋትሳፕ ራሱ ትልልቅ ፋይሎችንና ብዙ ጊዜ ፎርዋርድ የተደረጉትን ለይቶ ያሳያል፣ እኔው እያየሁ አጠፋሁ። የበዓል መልካም ምኞት ቪዲዮ ምን ያህል እንደተከመረ አትጠይቁኝ።

ስልክ ያፈጥናሉ የሚባሉትን ክሊነርና ቡስተር ደግሞ ነቅሎ አወጣቸው። ማስታወቂያ እያሳዩ ራሳቸው ነው ባትሪ የሚበሉት። የተከፈቱ አፖችን በየደቂቃው ወደ ላይ እየጠረጉ መዝጋትም ብዙ አይረዳም፣ ቆይታችሁ ስትከፍቱት ከዜሮ ስለሚነሳ የበለጠ ኃይል ይፈጃል። የምወዳት ልማድ ነበረች፣ ተውኳት።

አንድሮይድ ለያዛችሁ ደግሞ አንዲት ዘዴ። ስለ ስልኩ በሚለው ውስጥ ቢልድ ነምበር የሚለውን 7 ጊዜ ስትነኩት ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ ይከፈታል። እዚያ ያሉትን ሦስት የአኒሜሽን ስኬል ቁጥሮች ከ1 ወደ 0.5 ዝቅ አድርጉ። ሌላውን አትንኩ። ፕሮሰሰሩ አልፈጠነም፣ ገጽ ከገጽ ሲቀያየር ያለው ዳንስ ነው ያጠረው፣ ለእጅ ግን ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።

የይለፍ ቁጥሬንም አልጠየቀኝም። ሲያስፈልግ "ይክፈቱልኝ" ይላል እንጂ ወረቀት ላይ ጻፉልኝ አይልም። ሳምሰንግ ሜንቴናንስ ሞድ፣ ጉግል ፒክስል ደግሞ ሪፔር ሞድ የሚባል ነገር አላቸው። ሲበራ ጠጋኙ ስልኩን ይሞክራል፣ ፎቶና መልእክታችሁን ግን አያይም። ስልካችሁ ላይ ካለ ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት አብሩት፣ ለዚህ ልጅም ቢሆን።

ሁሉንም ስልክ ይፈውሳል እያልኩ አይደለም። እሱም አይልም። አምራቹ የሴኩሪቲ አፕዴት ያቆመለት ስልክ ምንም ቢፈጥን የባንክ አፕ የሚጫንበት አይደለም ብሎ ቁርጡን ነግሮኛል። የእኔ እስከ መቼ እንደሚደርሰው አብረን አየን፣ ገና ጊዜ አለው። ፒክስል ከ8 ጀምሮ፣ ሳምሰንግ ደግሞ ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ ለዋና ስልኮቻቸው የ7 ዓመት አፕዴት ቃል ገብተዋል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከሰኔ 20 ቀን 2025 ጀምሮ እዚያ ገበያ የሚገቡ አዲስ ስልኮች ባትሪያቸው ከ800 ዙር በኋላ ቢያንስ 80 ፐርሰንት እንዲይዝ፣ የመለዋወጫ ዕቃም እንዲገኝላቸው ደንግጓል። ስለዚህ ባትሪ ቀይሮ መቀጠል የድሃ ዘዴ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ እናንተው ተከራከሩ።

አሁን ስልኬ አዲስ ሆነ አልልም። ካሜራው ግን ፈገግታ ሳይደርቅ ይከፈታል፣ ማታ ቤት ስገባም ቻርጅ አለው። ልጄ የራሱን ይዞ ሊሄድለት ተነስቷል።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። የምታነበው ከሆነ ጋሼ ማለቱን ቀንስልኝ እንጂ ሌላ ቅሬታ የለኝም።

ልትሄዱ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻውን እሰጣችኋለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ባክአፕ አድርጉ። ሥራ ስለሚበዛበት ቀድማችሁ ደውሉለት፣ የምትጠቀሙበትን ኬብልና ቻርጀርም ይዛችሁ ሂዱ፣ አንዳንዴ ስልኩ ደህና ሆኖ የሚቀየረው ኬብሉ ብቻ ነው።