ፐርሰፎኒ እንዴት ወረደች? የግሪክ አማልክትን የፍቅር ኮሚክ ከመግዛታችሁ በፊት

ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ 12 ዓመት ሞላት። የግሪክ አማልክት ታሪክ ትወዳለች፤ ኮሚክም፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕል የሚነገር ታሪክ ትወዳለች። ሁለቱን አንድ ላይ ላግኝላት ብዬ ሽፋኑ ሮዝና ሰማያዊ የሆነ፣ በጣም የሚያምር መጽሐፍ ገዛሁ። በልደቷ ዋዜማ ማታ "እስቲ ትንሽ ልየው" ብዬ ከፈትኩት። መግቢያው ላይ ማስጠንቀቂያ አለ። ታሪኩ ወሲባዊ ጥቃትንና ጎጂ የፍቅር ግንኙነትን እንደሚያነሳ በግልጽ ይናገራል። ሳልተኛ ጨረስኩት። ወደድኩትም። ግን ለ12 ዓመት ልጅ የሚሰጥ አልነበረም፤ እኔው መደርደሪያ ላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ዓይነት መጽሐፍ ካየሁ ሳላገላብጥ አላልፍም። በብዛት የሚነገረው የአንድ ጥንድ ታሪክ ነው፤ የሙታን ንጉሥ የሄድስ እና የእህል አምላክ የዴሜትር ልጅ የፐርሰፎኒ። ሽፋን ሽፋኑን ስታዩት ሁሉም አንድ ይመስላል። ውስጡ ግን በጣም ይለያያል። እኔ የምለየው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ልጅቷ ወደ ሙታን አገር የወረደችው እንዴት ነው?

መነሻው ጠለፋ ነው

ታሪኩን በሰፊው የምናገኘው ለዴሜትር ከተደረሰ ጥንታዊ የግሪክ መዝሙር ነው። ልጅቷ ከጓደኞቿ ጋር መስክ ላይ አበባ ትለቅማለች። አንድ ልዩ የናርሲስ አበባ ታያለች። ልትቀጥፈው እጇን ስትዘረጋ ምድር ትከፈታለች። ሄድስ በወርቅ ሠረገላ ብቅ ብሎ እየጮኸች ይዟት ይሄዳል። አባቷ፣ የአማልክት ንጉሥ ዜውስ፣ ቀድሞ ፈቅዷል። ልጅቷን ግን ማንም አልጠየቃትም፤ እናቷም አልሰማችም። እናት ችቦ ይዛ ዘጠኝ ቀን ሳትበላና ገላዋን ሳትታጠብ ምድርን ታስሳለች። ኋላ ላይ እህል እንዳይበቅል ታደርጋለች። ረሃብ ሲገባና መሥዋዕት ሲቀርባቸው ነው አማልክቱ የሚደነግጡት። ልጅቷ ትመለሳለች፤ ግን ከታች ሳለች የሮማን ፍሬ ቀምሳለች። ስለዚህ የዓመቱን ሲሶ ከሄድስ ጋር ትኖራለች።

ይህ ለእኛ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጠለፋ ነው። በድሮው የወንጀል ሕጋችን ጠላፊው ልጅቷን ካገባ ከክስ ያመልጥ ነበር። ያን በር የዘጋው ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ሕግ ነው። በጣም ቅርብ ጊዜ ነው። ስለዚህ አንድ ደራሲ ከዚህ ታሪክ የፍቅር መጽሐፍ ሲሠራ፣ ጠለፋውን ምን እንዳደረገው ማየት እፈልጋለሁ።

ሎር ኦሊምፐስ

ያ መደርደሪያዬ ላይ የቀረው መጽሐፍ ይህ ነው። ደራሲዋም ሠዓሊዋም የኒውዚላንዷ ሬቸል ስማይዝ ናት። ዌብቱን በሚባለው የኮሚክ ማንበቢያ አፕ ላይ በመጋቢት 2018 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ጀምራ በ2024 በ280ኛው ክፍል ጨረሰችው። በኮሚክ ዓለም ትልቅ ግምት የሚሰጠውን የአይስነር ሽልማት በምርጥ የድረ ገጽ ኮሚክ ዘርፍ በ2022 እና በ2023 አግኝቷል። በወረቀት መታተም የጀመረው በኅዳር 2021 ነው።

እዚህ የአማልክቱ መኖሪያ ኦሊምፐስ ዘመናዊ ከተማ ነው። አማልክቱ ስልክ ይነካካሉ፣ መኪና ይነዳሉ፣ ፓርቲ ይወጣሉ። የሙታን ዓለም ቢሮ ያለው ድርጅት ሆኗል። እያንዳንዱ አምላክ የራሱ ቀለም አለው፤ ሄድስ ሰማያዊ፣ ፐርሰፎኒ ሮዝ፣ ዜውስ ሐምራዊ፣ ሄርመስ ቀይ። ይህ ለዓይን ብቻ አይደለም። የግሪክ ስም ለሚምታታበት አንባቢ ትልቅ እርዳታ ነው፤ ስሙን ብትረሱት ቀለሙ ያስታውሳችኋል።

ልጅቷ እንዴት ወረደች? አንድ ፓርቲ ላይ ሄድስ ፐርሰፎኒን ያይና ከውበት አምላኳ ከአፍሮዳይት ትበልጣለች ይላል። አፍሮዳይት ትሰማለች፤ ትናደዳለች። ልጇ ኤሮስ ፐርሰፎኒን አስክሮ ሄድስ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ያስተኛታል። ሄድስ ሳያውቅ ቤቱ ይዟት ይገባል። ሲያገኛትም አይነካትም፤ ለብቻዋ መኝታ ይሰጣታል። በእኔ ንባብ ስማይዝ እዚህ ጋ ያደረገችው ትልቅ ነገር ነው። ጠለፋውን ከሄድስ ትከሻ አውርዳዋለች፤ ግን ከታሪኩ አላጠፋችውም። በደሉን የሚፈጽመው ሌላ አምላክ ነው፤ አፖሎ። ፐርሰፎኒ እምቢ ማለት እንዴት እንደሚቻል ያልተማረች ልጅ ናት፤ እሱም ያንን ይጠቀምበታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ዝምታዋን፣ ራሷን መውቀሷን፣ ለማን ልንገር የሚለውን ጭንቀቷን ታሪኩ በችኮላ አያልፈውም። ብዙ ክፍሎች ይዞት ይሄዳል። ብዙ ሴቶች ይህን ኮሚክ የወደዱት በፍቅሩ ብቻ አይመስለኝም።

የማይመቸኝም አለ። እሷ 19 ዓመቷ ነው፤ እሱ ከ2000 በላይ። በዚያ ላይ እሱ ድርጅት ውስጥ ተለማማጅ ሆና ትገባለች። ታሪኩ ራሱ ጉዳዩን ያነሳዋል፤ ግን ሁሉንም አንባቢ አያሳምንም። እኔን ግማሽ በግማሽ ነው ያሳመነኝ። መካከሉ ላይም ይንዛዛል። የፍርድ ቤትና የሽሚያ ጣጣው ሲበዛ ፍቅሩ ይቀዘቅዛል።

አሁን ወደ ኪሳችን። ይህ ሥራ የተሠራው በስልክ ወደ ታች እየተሳበ እንዲነበብ ነው። ሰው ሲወድቅ፣ ሲጨልም፣ ልብ ሲመታ ጣታችሁ ራሱ ከምስሉ ጋር ይወርዳል። በወረቀት ላይ ምስሎቹ በገጽ ተደርድረዋል። ቀለሙ በጣም ያምራል፤ ያ መውረድ ግን አይሰማችሁም። የመጀመሪያው ቅጽ ከክፍል 1 እስከ 25 ነው የያዘው። በዚህ ስሌት ታሪኩን በሙሉ በወረቀት እይዛለሁ ያለ ሰው ከአሥር ቅጽ በላይ መግዛቱ ነው። ቅጾቹ ደግሞ ልብ አንጠልጥለው ነው የሚያቆሙት። ምክሬ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ዌብቱን ላይ አሥር ክፍል ያህል አንብቡ። ካልያዛችሁ ገንዘባችሁ ተረፈ። ከያዛችሁ ቅጽ አንድን ጠንካራ ሽፋን ያለውን ግዙ፤ ለስጦታ የሚሆነውም እሱ ነው። ዕድሜ? ከ16 በታች ላለ ልጅ እኔ አልሰጥም።

ፐንደርወርልድ

ሊንዳ ሼይች ክሮኤሺያዊት ናት። የመጀመሪያው ቅጽ በኢሜጅ ኮሚክስ በኩል የወጣው በ2021 ነው። እሱም መጀመሪያ የተነበበው በኢንተርኔት ነው።

እዚህ ስልክም መኪናም የለም። ልብሱም ቤቱም የድሮ ግሪክ ነው። ሄድስ ሥራ የበዛበት፣ ዓይን አፋር ንጉሥ ነው። ፐርሰፎኒ በእርሻ ያደገች፣ እናቷ ዓይኗን የማትነቅልባት ልጅ ናት። ሁለቱ ከድሮ ጀምሮ ይዋደዳሉ፤ አንዳቸውም ደፍረው አልተናገሩም። ጠጅ ቀመስ ተደርጎ፣ ዜውስ አማላጅ ሆኖ ገብቶ፣ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። ጠለፋ የሚመስለው ነገር እዚህ አለመግባባት ነው። ማንም ማንንም አልጎዳም።

የሼይች ጉልበት ፊት ላይ ነው። ሄድስ "ሰላም ነሽ?" ለማለት ሲሞክር ፊቱ በአንድ ገጽ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ይለዋወጣል፤ ድንጋጤ፣ ፈገግታ፣ ጸጸት፣ እንደገና ድንጋጤ። ቃላቱን ብትሸፍኑት እንኳ ይገባችኋል። ሥዕሉ ከሎር ኦሊምፐስ ይልቅ ብዙ የተለፋበት ነው። ጥላው፣ ጨርቁ፣ የሙታን አገር ድንጋዩ ሁሉ ይዳሰሳል።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳያቸው፣ ሎር ኦሊምፐስ ቁስልን ይነካል፤ ፐንደርወርልድ ያሳርፋል። ከሥራ ደክሟችሁ ገብታችሁ፣ ሁለት ጥሩ ሰዎች ሲዋደዱ ማየት ከፈለጋችሁ ፐንደርወርልድን ግዙ። አንድ ቅጽ በአንድ ምሽት ያልቃል። እሷም እሱም አዋቂ ናቸው፤ ማንም በማንም ላይ አለቃ አይደለም። ለእኔ ፍቅሩ ይበልጥ የሚታመነው እዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ስሙ ራሱ የእንግሊዝኛ ቃላት ጨዋታ ነው። ውስጡም እንደዚያው ነው። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ብቻ ለተማረ ሰው ግማሹ ቀልድ ያመልጠዋል። የሎር ኦሊምፐስ ቋንቋ ግን የቴክስት ቋንቋ ነው፤ አጭርና ቀላል። እንግሊዝኛውን ለማዳበር ለሚያነብ ወጣት እሱ ይሻላል።

ኦሊምፒያንስ፣ ቅጽ 4

በመጨረሻ ለእህቴ ልጅ የሰጠኋት ይህንን ነው። የጆርጅ ኦኮነር ኦሊምፒያንስ 12 ቅጽ ነው። በ2010 በዜውስ ጀምሮ በ2022 በዲዮኒሶስ አለቀ። አራተኛው የሄድስ ነው። ወደ 80 ገጽ ገደማ ነው፤ በዋጋም ከሁለቱ ይቀላል።

እውነቱን ለመናገር የፍቅር መጽሐፍ ብሎ መሸጥ አይቻልም። ኦኮነር ከጥንቱ መዝሙር ብዙ አይርቅም። ምድር ትከፈታለች፤ ሠረገላው ይወጣል፤ ልጅቷ ትወሰዳለች። አይሸፋፍነውም፤ ግን ለልጅ ዓይን በሚሆን መንገድ ነው የሚያሳየው። የልቡ ቦታ እናትና ልጅ ናቸው። ልጅቷ ከእናቷ ጋር የምትጨቃጨቅ ጎረምሳ ናት፤ እናትየው ደግሞ አሁንም ሕፃን ናት ብላ የምታስብ። የእህቴ ልጅ አንብባ ስትጨርስ "አክስቴ፣ እናቷ ለምንድን ነው አንድም ቀን ምን ትፈልጊያለሽ ያላለቻት?" አለችኝ። እህቴ ወጥ ቤት ሆና ትሰማ ነበር። ለአፍታ ማማሰያው ቆመ።

በመጨረሻው ገጾች የአማልክት የዘር ሐረግ፣ ማብራሪያና የመወያያ ጥያቄ አለ። ለክፍል ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የምትፈልጉ መምህራን ካላችሁ እኔ ያለ ማመንታት ይህን እላለሁ። ከዘጠኝ ዓመት ጀምሮ ይሆናል።

ከሄድስና ከፐርሰፎኒ ውጭ

የትዳር ፍቅር የሚማርካችሁ ከሆነ የጋሬዝ ሃይንድስን ኦዲሲ እዩት፤ በ2010 የወጣ፣ በውሃ ቀለም የተሣለ ነው። ኦዲሴውስ ለጦርነት ከሄደ ከሃያ ዓመት በኋላ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሚስቱ ፔኔሎፒ ዝም ብላ አትቀበለውም። ከሥሩ ካልተነቀለ የወይራ ግንድ የተሠራውን አልጋቸውን ከክፍሉ አውጡት ብላ ትፈትነዋለች። አልጋው እንደማይነቀል ከአንዲት አገልጋይ በቀር የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

የኤሪክ ሻናወር ኤጅ ኦፍ ብሮንዝ ደግሞ የትሮይን ጦርነት ይተርካል። በ1998 በጥቁርና ነጭ መውጣት የጀመረ፣ ለአዋቂ የተሠራ ነው። አማልክቱ በአካል አይታዩም። የትሮዩ ልዑል የፓሪስና የግሪኳ ንግሥት የሄለን ፍቅር ያለ ተአምር ሲነገር ምን ያህል አስፈሪ እንደሆነ ይታያል። ግን ገና አላለቀም፤ መጨረሻ ለሚወድ ሰው አይሆንም።

እኔ እስካሁን የጓጓሁለት አንድ አለ፤ የአንድሮሜዳ። ግሪኮች ኢትዮጵያ ይሉት የነበረው ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ነው። አንድሮሜዳ የዚያ አገር ንጉሥ የኬፌውስ ልጅ ናት። በእናቷ ትዕቢት ምክንያት ከአለት ጋር ታስራ ለባሕር አውሬ ስትሰጥ ፐርሴውስ ያድናታል፤ ያገባታልም። ፍቅርም አለው፣ ጀብድም አለው። ከዘመናት ጀምሮ ግን ሠዓሊዎች ነጭ አድርገው ነው የሣሏት። መልኳን መልሶ ሙሉ መጽሐፍ የሚሠራላት ሠዓሊ ቢገኝ ከማንም ቀድሜ እገዛለሁ። ሥዕል የምትችሉ ልጆች ብዙ ናችሁና፣ እባካችሁ።

ስትገዙ

አሜሪካ ያላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የሰፈራችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ አውጡ። ብዙዎቹ ሊቢ በሚባለው አፕ ኮሚክ በነፃ ያውሳሉ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ዌብቱንን በስልኩ መክፈት ይችላል፤ ምስሉ ዳታ ስለሚበላ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ይሻላል። ከውጭ በሰው የምታስመጡ ከሆነ ክብደቱንም አስቡ። ሎር ኦሊምፐስ ወፍራም ነው፤ ሦስት ቅጽ ሻንጣ ውስጥ ቦታ ይይዛል። ኦሊምፒያንስ ቅጽ 4 ግን ከደብተር ብዙ አይበልጥም።

ደግሞ ኦንላይን ስትፈልጉ "ሄድስና ፐርሰፎኒ" ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። በእነዚህ ሁለት ስሞች ሥዕል የሌላቸው፣ ወሲብ በግልጽ የሚተርኩ የአዋቂ ልቦለዶች በብዛት አብረው ይመጣሉ፤ ሽፋናቸው ላይም ዕድሜ ላይጻፍ ይችላል። የመጽሐፉን ስም ከደራሲው ስምና ከቅጽ ቁጥሩ ጋር ጻፉ፤ የናሙና ገጾቹንም ሳትከፍቱ አትክፈሉ።