ፒያሳ ያለው የሕግ ምክር ቢሮ እና «ጥቅም» የሚለው ቃል

ባለቤታቸው ያረፉባቸውን አክስቴን ይዤ ፒያሳ አካባቢ፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወዳለ አነስተኛ የሕግ ምክር ቢሮ ሄጄ ነበር። አክስቴ «ልጄ፣ እኔ እንኳ ጥቅም ፈላጊ አይደለሁም» እያሉ የጥቁር ነጠላቸውን ጫፍ ያፍተለትሉ ነበር፤ የጡረታውን ነገር ማንሳቱ ራሱ አሳፍሯቸዋል።

ጠበቃው ብዕሩን አስቀመጠና «እናቴ፣ ይህ ልመናም ስጦታም አይደለም» አላቸው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ለጡረታ ፈንድ እንደሚያዋጡ፣ ለሟች የትዳር ጓደኛ የሚከፈለው አበልም በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 የተደነገገ መብት እንደሆነ ሳይቸኩል አስረዳቸው። አሠሪ በውል ወይም በፈቃዱ የሚጨምረው ጥቅማ ጥቅም ከዚህ የተለየ ነው፤ በሴፍቲኔት የሚሰጠው ድጋፍም የቤተሰቡን ችግር አይቶ እንጂ መዋጮ ቆጥሮ አይሰጥም።

ለእኔ ከሁሉ የበለጠብኝ ግን ቀጥሎ የተናገረው ነው። የሟቹ አሠሪ የነበረውን ድርጅት ቀደም ሲል በአንድ ጉዳይ ወክሎ እንደነበር ሳንጠይቀው ነገረንና፣ የጥቅም ግጭት ይኖራል ብለን ከሰጋን ወደ ሌላ ጠበቃ እንድንሄድ ነጻነቱን ሰጠን። አክስቴ እዚያው መቆየትን መረጡ።

ክፍያውን አስቀድሞ በጽሑፍ አሳውቆናል። አሳንሰር አለመኖሩ ግን ለአረጋውያን ከባድ ነው፤ ቢያንስ ደረጃው ግማሽ ላይ ማረፊያ ወንበር ቢያደርጉ መልካም ነበር።