ልጄን ከኳስ ጋር ላስታረቀው ኮች

ሰውን በአደባባይ የምናመሰግነው ሲሞት ወይም ሥራ ሲለቅ ነው። ይሄኛው በሕይወት አለ፣ ሥራውም ላይ ነው። ስለዚህ በጊዜው ላመስግነው።

የልጄ የእግር ኳስ አሰልጣኝ ነው። ልጆቹ "ኮች" ይሉታል፣ እኔም ኮች ነው የምለው። ስሙን እዚህ እንዳልጽፍ ስለለመነኝ አልጽፍም። ኳስ የሚወድ ታዳጊ ያላችሁ፣ ወይም እንደኔ ኳስ ይወድ የነበረ ልጅ ያላችሁ ግን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ቶሎ ጻፉ።

ከእሱ በፊት ያየነውን ሳልናገር ምስጋናዬ አይገባችሁም።

ልጄ ኳስ የጀመረው ገና ትንሽ ሳለ ነው። ትራሱ አጠገብ ኳስ አስቀምጦ ይተኛ ነበር። ጥሩ የተባለ ቡድን አፈላልገን አስገባነው። ጥሩ የተባለው በዋንጫ ብዛት ነው። ቢሮው ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ዋንጫ ተደርድሯል። ያን ያየ ወላጅ ሌላ ምን ይጠይቃል?

ዋንጫው እንዴት እንደሚመጣ ያየነው ከገባን በኋላ ነው። ቡድኑ ውስጥ ከዕድሜያቸው በላይ የገዘፉ ሁለት ሦስት ልጆች አሉ። አንዱ ከኋላ ይቆማል፣ አንዱ ከፊት። የኋላው ይጠልዛል፣ የፊተኛው ሮጦ ይደርስባታል፣ ጎል። የቀሩት ልጆች መሃል ሜዳ ቆመው ኳሷ በአናታቸው ስታልፍ ያያሉ። ሥልጠናው ይኸው ነው።

የኔ ልጅ ቁመቱም አጭር፣ ሰውነቱም ቀጭን ነው። ቦታው ተቀያሪ ወንበር ሆነ። ቡድኑ በአራት በአምስት ጎል ሲመራ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ይገባል። ጨዋታው ከጠበበ ጭራሽ አይገባም። ስንት ቅዳሜ ንጹሕ ማሊያ አጥቤያለሁ!

የአሰልጣኙን ጩኸት ደግሞ ሆድ ይፍጀው። "ማነው አብዶ ሥራ ያለህ? ምታት!" አንድ ቀን ልጄ ኳስ ይዞ ሰው ሊያልፍ ሲሞክር ተቀማ። ወዲያው አስወጣው። ከዚያ ወዲያ ኳስ እግሩ ሥር ስትደርስ እንደ እሳት ፍም ያባርራት ጀመር። አሰልጣኙን ስናነጋግረው "እኛ የምንጫወተው ለማሸነፍ ነው፤ ልጃችሁ ሲያድግ ያኔ እናየዋለን" አለን። ሳይጫወት እንዴት አድርጎ ነው የሚያድገው? መልስ የለም።

ቀጥሎ የሄድንበት ቦታ አፉ ሌላ ነበር። "እኛ ጋ ዋናው ውጤት አይደለም፣ የልጁ የረጅም ጊዜ ዕድገት ነው" አሉን። ቆንጆ ቆንጆ ቪዲዮ ይለጥፋሉ። እውነትም ውጤት ዋና ነገር አልነበረም። ምንም ነገር ዋና አልነበረም። አሰልጣኝ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። ልጆቹ ረጅም ሰልፍ ይዘው ተራ ይጠብቃሉ፣ አሰልጣኙ ስልኩን ይነካካል። ሲሸነፉ "ዕድገት ላይ ነን" ይባላል። ይህን ሆን ብዬ ነው የምጽፈው። ዋንጫ አያሳስበንም የሚል ሁሉ ልጅ ያሳድጋል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ሥራ ላለመሥራት ነው እንዲህ የሚለው።

በዚህ መሃል ልጄን በጨዋታ ቀን ጠዋት ሆዱን ያመው ጀመር። ሐኪም አየው፣ ሆዱ ደህና ነው። ኳሷንም ቁም ሳጥን ውስጥ ከታት። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ወላጅ ስሜቱን ያውቀዋል።

ኮችን የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። "ዋንጫ እምብዛም የለውም፣ ልጆቹ ግን አይለቁትም" አለችኝ። ሁለተኛዋ ቃል ናት የወሰደችኝ።

መጀመሪያ ስንገናኝ ኮች ልጄ ጎል ያገባ እንደሆነ አልጠየቀም። በየትኛው ወር እንደተወለደ ጠየቀ። ገረመኝ። የተወለደው የዕድሜ ምድቡ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ነው። ኮች ፈገግ አለና አስረዳን። ልጆች በዓመት ሲመደቡ መጀመሪያ ላይ የተወለደውና መጨረሻ ላይ የተወለደው አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ በቀረው ጊዜ ይበላለጣሉ። በዚህ ዕድሜ ያ ብዙ ነው። ታላቅየው ፈጣንና ጠንካራ ስለሆነ ጎበዝ ይባላል። ጎበዝ ስለተባለ ይሰለፋል። ስለሚሰለፍ ደግሞ የእውነት ጎበዝ እየሆነ ይሄዳል። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በካናዳ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ላይ ተጠንቶ፣ ኋላ በእግር ኳስም እንደዚያው ሆኖ ተገኝቷል አለን። በዚያ ላይ ወንዶች በአብዛኛው በፍጥነት የሚመዘዙት 13 እና 14 ዓመት አካባቢ ሆኖ፣ አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ ነው። "አሁን ሜዳ ላይ የምታዩት ቁመትን ነው። ተጫዋቹን ገና አላያችሁትም" አለን።

ይህን ሁሉ ጊዜ ሲከፈል ኖሮ አንድም ሰው ይህን አልነገረኝም!

ባለቤቴ የኳስ ሰው ነው። ወዲያው ተነሳበት። ሃሪ ኬንን አርሰናል በ8 ዓመቱ አሰናብቶት ኋላ የእንግሊዝ የምንጊዜም ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆነ አለ። ግሪዝማንን ትንሽ ነህ ብለው የፈረንሳይ ክለቦች መልሰውት፣ ስፔን ሄዶ አድጎ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ከፈረንሳይ ጋር የዓለም ዋንጫ አነሳ አለ። ጄሚ ቫርዲንም ታዳጊ ሳለ ሼፊልድ ዌንስዴይ አሰናብቶት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ከሌስተር ጋር የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን አነሳ አለ። እኔ እነዚህን ሰዎች የማውቃቸው ባለቤቴ ሶፋ ላይ ሆኖ ሲጮህ ነው። ኮች አስጨርሶት "ልጃችሁ ኬን ይሆናል አላልኩም" አለው። "አብዛኛው ልጅ ፕሮፌሽናል አይሆንም። እኔ የምሠራው በ18 ዓመቱ አሁንም ኳስ የሚጫወት ልጅ እንዲኖራችሁ ነው።" እዚያው ወደድኩት። ሌሎቹ የሸጡልን ሕልም ነበር።

በወላጆች ስብሰባ ላይ ደንቡን ነገረን። እያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ የጨዋታውን ግማሽ ይጫወታል። ቦታ ይቀያየራሉ። ወላጅ ማጨብጨብ ይችላል፣ "ምታት! አቀብል!" ማለት አይችልም። ስለ አሰላለፍ ያስረዳንን እኔ አልያዝኩትም። የኖርዌዩን ግን ይዤዋለሁ። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የልጆች ስፖርት የራሱ ደንብ አለው፤ ዛሬም ልጆቹ 11 የሚሞሉበት ዓመት ሳይደርስ የደረጃ ሰንጠረዥ አይወጣላቸውም። ጀርመኖችም እ.ኤ.አ. ከ2024/25 የውድድር ዘመን ጀምረው ትንንሾቹን በትንሽ ሜዳ፣ ጥቂት ጥቂት ሆነው፣ ያለ ሰንጠረዥ ያጫውታሉ። ምክንያቱ ለኔም ገባኝ። ሜዳው ላይ ያለው ልጅ ሲያንስ እያንዳንዱ ኳስ በደንብ ይነካል።

አንድ አባት እጁን አውጥቶ "ታዲያ ማሸነፍ አያስፈልግም ማለት ነው?" አለ። ኮች እንዲህ ብሎ መለሰ፦ "ልጆቹ ማሸነፍ ይፈልጋሉ፣ ይፈልጉም። እኔም መሸነፍ አልወድም። ግን ድል በልጆች የጨዋታ ሰዓት አልገዛም።"

ሲናገሩትማ ሁሉም ይናገረዋል። እኔ ያመንኩት ባለፈው የውድድር ወቅት ነው።

ግማሽ ፍጻሜ ደረሱ። ማንም አልጠበቀም። 1 ለ 1 ናቸው፣ ትንሽ ደቂቃ ቀርቷል። ኮች የቅያሪ ተራውን ከጨዋታው በፊት ወረቀት ላይ ጽፎ ለልጆቹ ያሳያል። በወረቀቱ መሠረት አጥቂያችን የሚወጣበት፣ የኔ ልጅ የሚገባበት ሰዓት ደረሰ። አጥቂው የቡድኑ ዋና ግብ አግቢ ነው። ያቺን አንዷንም ያገባት እሱ ነው። ሜዳ ዳር ያለው ወላጅ በሙሉ ኮች ላይ አፈጠጠ። ኮች ወረቀቱን አየ፣ ቀየረ። ሌላ ልጅ ወደ ፊት ተጠጋ፣ የኔው ከተከላካዮቹ ፊት ቆመ።

ከበረኛው ኳስ ተቀበለ። የድሮው ልጄ ቢሆን ይጠልዛት ነበር። አልጠለዛትም፣ ሊዞር ሞከረ። ከኋላው አንድ ትልቅ ልጅ መጥቶ ነጠቀው። ጎል። ብዙም ሳይቆይ ፊሽካ ተነፋ። አለቀ፣ ወጣን።

ልጄ ሜዳው ላይ ተቀምጦ ማሊያውን ፊቱ ላይ ሳበ። እኔ ልሮጥ ስል ባለቤቴ ክንዴን ያዘኝ። ኮች ወደ ልጄ አልሄደም። ሁሉንም ጠራቸው። የኔውም እግሩን እየጎተተ መጣ። ኮች ስለ ጎሉ ምንም አላለም። "ኳሷን ሲቀበል ቀርቦ 'ለኔ' ያለው ማነው?" አላቸው። ዝም። "ከኋላህ ሰው አለ ብሎ የጮኸለትስ?" አሁንም ዝም። አንዱ ልጅ ቀስ ብሎ "እኔ አይቼው ነበር፣ አልጮህኩም" አለ። ሌላው "እኔ ቆሜ ነበር የማየው" አለ። በረኛውም "ሰው እንደመጣበት እያየሁ ነው የሰጠሁት" አለ። ኮች "ጥሩ፣ ማክሰኞ ይህንኑ እንለማመዳለን" አላቸው። ከዚያ ወደ ልጄ ዞሮ ሁሉም እየሰሙ "መዞርህ ልክ ነው። ከመቀበልህ በፊት ግን ኋላህን እይ። ማክሰኞም እዚያው ቦታ ነህ" አለው።

በቃ፣ ይኸው ነው። አላባበለውም፣ አልተቆጣውም። ያቺ ጎል የኔ ልጅ ብቻ ጥፋት መሆኗ እዚያው ቀረ። የሁሉም የቤት ሥራ ሆነች። ይህን እንዴት እንዳሰበው፣ በዚያ ንዴት መሃል እንዴት እንደመጣለት አላውቅም። እኔ ብሆን ኖሮ ወይ አቅፌው አለቅስ ነበር ወይ "አይዞህ ኳስ ነው" ብዬ የባሰ አደርገው ነበር። መኪና ውስጥ ልጄ አለቀሰ። ትንሽ ቆይቶ "ማክሰኞም እዚያው ቦታ ነህ አለኝ" አለ። አንጀቴን አራሰው። ክፉ አይንካው!

የአጥቂው አባት ግን ተቆጥቶ ነበር። መቆጣቱ አይገርምም፣ ልጁ ወጥቶ ነው የተሸነፍነው። ኮች ተረጋግቶ አዳመጠውና "ያንተ ልጅ ዛሬ በፍጥነቱ ያልፋቸዋል። ነገ ሲደርሱበት በምን እንደሚያልፍ ነው እኔ የማስተምረው" አለው።

ይህን ስሰማ ታላቅ ወንድሜ ትዝ አለኝ። በ13 ዓመቱ ጺም ሊያበቅል ምንም አልቀረውም ነበር። ሰፈሩ ሁሉ በእሱ ያሸንፋል። ኳስ ወደ ፊት ይልኩለታል፣ ሮጦ ያገባል። ማንም ሌላ ነገር አላስተማረውም፣ ለምን ይድከሙ? ከጥቂት ዓመት በኋላ ሌሎቹም አደጉ፣ በሩጫ ደረሱበት። እሱ ደግሞ ከሩጫ ሌላ የሚያውቀው አልነበረም። "ድሮ ጎበዝ ነበር" ሲባል እየሰማ ኳስ ተወ። ዛሬ ቤት ውስጥ ጨዋታ ከተከፈተ ተነስቶ ይወጣል። እኔ ዋንጫ ማሳደድ የሚጎዳው እንደኔ ልጅ ወንበር ላይ የሚቀመጠውን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዋንጫውን የሚያመጣውንም ልጅ ይበላዋል ለካ። የአጥቂው አባት አሁንም እዚያው ነው፣ ልጁም። አሁን ልጁ አማካይ ቦታ እየተማረ ነው አሉ።

ልጄ ዘንድሮም አጭር ነው። የሆድ ሕመሙ ግን ጠፍቷል። በቅርቡ የድሮ ቡድኑን ገጥመው 4 ለ 1 ተሸነፉ። እነዚያ ዛሬም ይጠልዛሉ፣ ዛሬም ያሸንፋሉ። የኛዋን አንዷን ያቀበለው የኔ ልጅ ነው። ቤት እስክንደርስ ስለ አራቱ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ስለዚያች አንዷ ግን ጆሯችንን አደነቆረው።

እውነቱን ልናገርና ኮችም ጉድለት አለው። ስልክ ቶሎ አያነሳም። ሰዓት ላይ ግትር ነው። ልጃችሁ አርፍዶ ከመጣ፣ አርፋጁ እናንተ ብትሆኑም፣ መጀመሪያ ኳስና ኮን የሚሰበስበው እሱ ነው። ደግሞ ዘንድሮ ዋንጫ ካላየሁ የምትሉ ወደ እሱ አትሂዱ፣ ትጣላላችሁ። እሱንም አታስቸግሩት።

ሌሎቻችሁ ግን ሂዱ፣ እባካችሁ ሂዱ። ሩቅ ሆኖባችሁ መሄድ ካልቻላችሁም፣ ልጃችሁን የትም ከማስመዝገባችሁ በፊት አንድ ጠበብ ያለ ጨዋታ ቆማችሁ እዩ። ዋንጫውን ተዉት፣ የሚያምረውን ንግግርም ተዉት። ተቀያሪ ወንበሩን እዩ። የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ላይ ማን ተቀምጧል? ኳስ የተቀማ ልጅ ወዲያው ይወጣል ወይስ ይቆያል? ኳስ የያዘው ልጅ ሰው ለማለፍ ሲሞክር መጀመሪያ አሰልጣኙን ዞር ብሎ ያያል? ካየ፣ ልጃችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ኮች፣ ይህን እንደምታነብ አውቃለሁ። ስምህን አልጻፍኩም፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ። እናትህ ትባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ስልክህን ግን አንሳ፣ ሰዎች ሊደውሉልህ ነው።

የምትመዘገቡ እናቶች ደግሞ፣ ሜዳ ዳር "ምታት!" ማለት እንደማይቻል ለአባቶች ከወዲሁ ንገሯቸው። ባለቤቴ እስካሁን እየተለማመደ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አፉን በሻርፕ ጠቅልሎ ነው ያየው።