የድሮ ሃርድ ዲስክ ማንበቢያ አዳፕተር፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

አዳፕተሩ ጥሩ ነው። አብሮት የሚመጣው ፓወር ሰፕላይ (ለዲስኩ ኃይል የሚሰጠው ዕቃ) ግን አይታመንም። ይህን ቀድሜ የምናገረው፣ ገዝታችሁ ዲስኩ አልነሳ ሲላችሁ ዲስኩን ሳይሆን መጀመሪያ እሱን እንድትጠረጥሩ ነው።

ዕቃው አይዲኢም (የድሮው የዲስክ መሰኪያ ዓይነት) ሆነ ሳታ (እሱን የተካው) ሃርድ ዲስክን በዩኤስቢ ከላፕቶፕ ጋር ያገናኛል። መዳፍ የማይሞላ ፕላስቲክ ነው። ሦስት አፍ አለው፦ ባለ 40 ፒን ለድሮ ዴስክቶፕ፣ ባለ 44 ፒን ለድሮ ላፕቶፕ፣ ሦስተኛው ደግሞ ለሳታ። የገዛሁት መርካቶ ነው፤ የአምራች ስም አልተጻፈበትም።

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። እዚህ ከመሀል ከተማ ወደ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ብዙ ነው። ከቤት ዕቃው ጋር የድሮ ኮምፒውተሩንም ጭኖ መጥቷል። ኮምፒውተሩ መሥራት ካቆመ ቆይቷል፤ የሠርግ ፎቶው፣ የእድሩ መዝገብ፣ የልጆቹ ልደት ግን እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ሳታ የመጣው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ዲስኮች፣ ከዚያም በኋላ ለጥቂት ዓመታት ብዙዎቹ፣ በሰፊው ጠፍጣፋ ገመድ የሚገናኙ አይዲኢዎች ናቸው። የዛሬ ማዘርቦርድ ላይ ያ መሰኪያ የለም። ሰው ተስፋ ቆርጦ ዲስኩን ለቆራሌው የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ከሚጣሉት ብዙዎቹ ዲስኮች ምንም አልሆኑም።

ወደ ፓወር ሰፕላዩ ልመለስ። የዴስክቶፕ ዲስክ 12 ቮልትም 5 ቮልትም ይፈልጋል። ከዩኤስቢ የሚገኘው 5 ቮልት ብቻ ስለሆነ ተጨማሪ ኃይል የግድ ነው። የላፕቶፕ ዲስክ በ5 ቮልት ይነሳል። ከባዱ ሰዓት ሞተሩ መሽከርከር ሲጀምር ነው፤ ያን ጊዜ ብዙ ኃይል ይስባል። ደካማ ፓወር ሰፕላይ እዚያ ላይ ይሸነፋል። ዲስኩ ይዞራል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሞክራል። የሚሰማ ሰው "አለቀለት" ይላል። የእኔ ከተወሰኑ ወራት በኋላ እንዲህ ማድረግ ጀመረ። ከድሮ ዴስክቶፕ በተፈታ ፓወር ሰፕላይ ስቀይረው ያው ዲስክ ያለ ምንም ችግር ተነሳ። ባለ አራት ቀዳዳው የኃይል መሰኪያ ቀጥታ ይገባለታል። አሁን የምሠራው በእሱ ብቻ ነው።

የመብራቱም ነገር አለ። እዚህ ሰፈር መብራት ሳይታሰብ ይሄዳል። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ዲስኩ ግን የለውም። ስለዚህ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ ዕቃ) የዴስክቶፕ ዲስክ አልሰካም።

የአይዲኢ ዲስክ ከሆነ ጃምፐሩንም፣ ማለትም ሁለት ፒኖችን የሚያገናኘውን ትንሽ ክዳን፣ እዩ። ብዙ ጊዜ ማስተር (ዋና ዲስክ) በሚለው ቦታ ላይ ካልሆነ ላፕቶፑ ዲስኩን አያየውም። አቀማመጡ ራሱ ዲስኩ ላይ ተለጥፏል። ባለ 44 ፒኑ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። ከፒኖቹ ጎን ለጃምፐር የተተዉ 4 ፒኖች አሉ። አፉ ወደ እነሱ ተንሸራቶ ከተሰካ ዲስኩ ሊቃጠል ይችላል፤ የእኔ አዳፕተር ላይ ይህን የሚከለክል ምንም ነገር የለም። ይህን አልወደድኩለትም።

ፍጥነቱ ለሥራው ይበቃል። ጤነኛ የሆነ 40 ጊጋባይት ዲስክ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይገለበጣል።

ዕቃው ዋጋውን የመለሰልኝ ግን አንድ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ባመጡት ዲስክ ነው። ስሰካው ዊንዶውስ ፎርማት ላድርግ ወይ ብሎ ጠየቀ። መምህሩ አጠገቤ ቆመው ነበር።

"ልጄ፣ እሺ ልበለው?"

"ኧረ ጋሼ፣ እንዳይነኩት!"

ፎርማት ማለት ዲስኩን እንደ ባዶ አድርጎ እንደ አዲስ ማዘጋጀት ስለሆነ፣ ያ ጥያቄ ሲመጣ መልሱ ምንጊዜም እምቢ ነው። እኔ ዲስኩን ከዊንዶውስ ነቅዬ ሊኑክስ በሚባለው ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ዲዲሬስኪው በሚባል ነፃ ፕሮግራም ሙሉ ቅጂውን ወሰድኩ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ደህና ደህናውን ያነባል፣ የተጎዳውን ቦታ ለኋላ ያቆየዋል። የት እንደደረሰ በፋይል ስለሚመዘግብ መብራት ቢሄድ እንኳ ካቆመበት ይቀጥላል። ለእኛ አገር የተሠራ ነው የሚመስለው። ከዚያ የጠፋ ፋይል የሚፈልገውን ቴስትዲስክ የሚባል ፕሮግራም ያስነሳሁት በቅጂው ላይ ነው። ዋናው ዲስክ ከዚያ በኋላ አልተነካም።

ፋይሎቹ ወጡ። ሲከፈቱ ግን የላቲን ፊደልና ምልክት የተደበላለቀበት ነገር ሆኑ። መምህሩ ፊታቸው ጠቆረ። "ይሄ የእኔ ጽሑፍ አይደለም" አሉ። ፋይሉ ግን ደህና ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ደረጃ) የገባው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ቢሆንም፣ እኛ ጋ ከዚያ በኋላም ለዓመታት የተጻፈው ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ባስቀመጡ ፎንቶች ነው። የእሳቸው ከእነዚህ አንዱ በሆነው በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ነበር። ደግነቱ ፎንቱ እዚያው ዲስክ ላይ፣ የዊንዶውሱ የፎንት ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል። ስጭነው የሰዋስው ማስታወሻቸው፣ የፈተና ወረቀቶቻቸውና የቤተሰባቸው የዘር ሐረግ ቁልጭ ብሎ ወጣ። እሳቸው ከኋላዬ ቆመው የአባቶቻቸውን ስም ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ስለዚህ ከድሮ ዲስክ ጽሑፍ ስታወጡ ፎንቶቹንም አብራችሁ ገልብጡ፤ ከዚያ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ለውጡት።

አዳፕተሩ የማያድነውም አለ። ዲስኩ ደጋግሞ ቀጭ ቀጭ ካለ ወዲያው ንቀሉት፤ በተዞረ ቁጥር ጉዳቱ ይብሳል። ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት የሚል ምክር አትስሙ፣ ውስጡ እርጥበት ይይዛል። ከፍቶ ማየትም አይሆንም። የዲስኩ ማንበቢያ ጫፍ መረጃው ከተጻፈበት ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፍበት ክፍተት ከአቧራ ቅንጣት በእጅጉ ያነሰ ነው። እንዲህ ያለውን ዲስክ አቧራ የማይገባበት ክፍል ላለው ባለሙያ ትቼ ለባለቤቱ እመልሳለሁ።

ሌላ ብገዛ የኃይል ማብሪያ ማጥፊያ ያለውን እመርጣለሁ። የእኔ ስለሌለው ዲስኩን ለማጥፋት ሁልጊዜ ከሶኬት መንቀል ነው። ዩኤስቢ 3 የሚል የተጻፈበት ለሳታ ዲስክ ይጠቅማል፤ ለእነዚህ የድሮ አይዲኢዎች ግን ብዙ ለውጥ ስለማያመጣ ተጨማሪውን ገንዘብ ጠንካራ ፓወር ሰፕላይ ላይ አውሉት።